ጠርሙሱ ይመለሳል፣ ቆርኪው ይቀራል፦ የቢራ ማስታወቂያ ትንንሽ ቅርሶችና ከኋላቸው ያሉት ፋብሪካዎች

(በልደታ ግቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ንግግሬን በአንድ የተደፋ ጣሳ እጀምራለሁ። በብዙ የአገራችን ከተሞችና መንደሮች ጠላ የሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ይቆማል፤ በእንጨቱም ጫፍ ጣሳ ወይም ኩባያ ይደፋበታል። ፊደል አልተጻፈበትም፤ ሥዕልም የለውም። ሆኖም ከሩቅ ያየው መንገደኛ ሁሉ ምን እንደሚል ያውቃል፦ ጠላ አለ፣ ግቡ። የባለቤቲቱ ስም በምልክቱ ላይ አይገኝም፤ ሰፈሩ ያውቃታልና አያስፈልግም። ጌሾዋን የገዛችበትን ገበያ፣ ጋኗን ያጠነችበትን ወይራ፣ ብቅሏን ያሰጣችበትን ሰሌን ጎረቤት አይቷል።

የፋብሪካ ቢራ ይህ ዕድል የለውም። ጠማቂውና ጠጪው አይተዋወቁም። ጠመቃው ከግንብ አጥር በስተኋላ፣ በብረት ጋን ውስጥ ይፈጸማል። ስለዚህ ቢራው በማያውቁት ሰዎች ዘንድ እንዲታመን ስም ያስፈልገዋል፤ ምስል ያስፈልገዋል፤ ስሙና ምስሉ የሚታተምበት ርካሽ ነገርም ያስፈልገዋል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ርካሽ ነገር ነው። በሌላው ዓለም በደረት ላይ የሚሰካ ክብ ባጅ ሆነ። በእኛ አገር ግን በጠርሙስ አፍ ላይ የሚገኘው ቆርኪ የባጁን ሥራ ሠራ። ላስረዳችሁ የምሞክረው ይህ ቆርኪ የቢራ ፋብሪካዎቻችንን ታሪክ ከማናቸውም የማስታወቂያ ሰሌዳ የተሻለ እንደሚናገር፣ እኛም ሳናስተውለው እየጣልነው እንደሆነ ነው።

፩. ባጅና ቆርኪ፦ የአንድ ዘመን ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ዊልያም ፔይንተር የተባለ የፈጠራ ሰው ዛሬ የምናውቀውን የጠርሙስ ክዳን በስሙ አስመዘገበ። ክዳኑ ጠርዙ የታጠፈ ክብ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ውስጡ ጋዝ እንዳያስወጣ ስስ ቡሽ ተለጥፎበት ነበር። ጥርሶቹ በመጀመሪያ 24 ነበሩ፤ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም 21 ናቸው። «ቆርኪ» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ቡሹ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን «ኮርክ»ን ያስታውሰናል። ቡሹ በፕላስቲክ ከተተካ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙ አልተለወጠም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ኒውአርክ ከተማ የሚገኘው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለ ድርጅት የደረት ባጁን የፈጠራ መብት አገኘ። የታተመ ወረቀት በስስ ሴሉሎይድ ይሸፈናል፤ በክብ ብረት ላይ ይወጠራል፤ ጠርዙ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ከበስተጀርባው መርፌ ይገባበታል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተካሄደው የማኪንሊና የብራያን የምርጫ ፉክክር ባጁን በየደረቱ አሠራጨው። ፖለቲከኞቹን ነጋዴዎች ተከተሉ፤ ከነጋዴዎቹም መካከል ቢራ ጠማቂዎች ከፊተኞቹ ረድፍ ነበሩ። ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ድል ዓመት መሆኑን ለማነጻጸሪያ ያህል እናስታውስ።

ባጁና ቆርኪው የተወለዱት ከአንድ የአሠራር ዘዴ ነው። ሥዕሉ በጠፍጣፋው ላይ ብዙ ሆኖ ይታተማል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክብ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጠርዙም ይታጠፋል። ባጁም ኋላ ላይ በቀጥታ በቆርቆሮ ላይ ይታተም ጀመር። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም ለመጣል የተሠሩ ናቸው፤ የታሪክ ዋጋቸውም ከዚሁ ይመነጫል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መጥመቅና መሸጥ በሕግ ሲከለከል እጅግ ብዙ አነስተኛ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም እገዳው ከተነሣ በኋላ አልተመለሱም። የፋብሪካው መዝገብ ሲጠፋ፣ ሕንፃው ሲፈርስ፣ ከአንዳንዶቹ የቀረው ምስክር በአንድ ሠራተኛ ወይም ደንበኛ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ባጅ ነው። በዚያ አገር የቢራ ማስታወቂያ ቅርሶችን የሚሰበስቡ ሰዎች ለአንዲት የዛገች ክብ ቆርቆሮ የሚጨነቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

፪. ጠርሙሱ ይመለሳል

በእኛ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የቢራ ጠርሙስ በኢትዮጵያ የጠጪው ንብረት አይደለም። በሳጥን ይመጣል፤ በሳጥን ይመለሳል። ፋብሪካው ሲደርስ በሞቀ የማጠቢያ ውህድ ይታጠባል፤ የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ ይወድቃል፤ እንደገና ይሞላል፤ አዲስ ወረቀት ይለጠፍበታል። አንድ ጠርሙስ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ትናንት ማን እንደነበረ አያስታውስም። ከዚህ ዑደት ወጥቶ የሚቀር፣ ወደ ፋብሪካው የማይመለስ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም ቆርኪው ነው።

ቆርኪው ከጠርሙሱ በተለየባት ቅጽበት ሌላ ሕይወት ይጀምራል። ጠጪው ስንት እንደጠጣ የሚቆጠረው በጠረጴዛው ላይ በቀሩት ቆርኪዎች ነው፤ ክርክር ሲነሣም ዳኛው እርሱ ነው። በአንዳንድ መጠጥ ቤቶች የአስተናጋጇ ድርሻ የሚታሰብላት በሰበሰበችው ቆርኪ ልክ ነው፤ በዚያ ጊዜ ቆርኪው የደመወዝ ሰነድ ይሆናል። ጠዋት ደግሞ የሰፈር ልጆች ለቅመው የመጫወቻ መኪና ጎማ ያደርጉታል፤ በስተው በሽቦ ይሰኩትና እንደ ጸናጽል ያንሿሹታል። ፋብሪካዎችም ይህን ሁለተኛ ሕይወት ያውቁ ነበር፤ ከቆርኪው ሥር የሽልማት ምልክት እያተሙ ጠጪው ክዳኑን ገልብጦ እንዲያየው ያደረጉበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ አንድ የታሪክ ተማሪ የኢትዮጵያ ቢራ ቤተ መዛግብት የት እንዳለ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ ከእግርህ ሥር ነው የሚል ይሆናል። በግቢው አፈር ውስጥ፣ በልጆች መጫወቻ ላይ፣ በድሮ ግሮሰሪ የእንጨት ወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገኛል።

፫. ስሙ ከየት መጣ?

ከዚህ መሬት ላይ ከሚገኘው ቤተ መዛግብት አንዱን እናንሣ። በእጄ ላይ ያለው ቆርኪ በፈረስ የተቀመጠ፣ ዘንዶ በጦር የሚወጋ ቅዱስ ይታይበታል። ለማንኛችሁም መንገር አያስፈልገኝም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1914 እና 1915 ዓ.ም. ይሆናል። አሜሪካ የቢራ ፋብሪካዎቿን በሕግ ዘግታ በነበረችበት ጊዜ አዲስ አበባ የራሷን መክፈቷ ነው። ከዚህ ግቢ ብዙም በማይርቀው በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚታወቀው ይህ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ከተማዋ የፋብሪካ ሥራን፣ የፈረቃ ሰዓትንና የብቅል ሽታን ከለመደችባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር።

ለምን የቅዱስ ስም? ከሰሜን አንድ ማነጻጸሪያ እንውሰድ። በአስመራ እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው ፋብሪካ የባለቤቱን የሉዊጂ ሜሎቲን ስም ያዘ፤ ቢራውም ሜሎቲ ተባለ። በአውሮፓ የተለመደው መንገድ ይህ ነው፤ የጠማቂው ቤተሰብ ስም የጥራት መያዣ ይሆናል። በአዲስ አበባ ግን የውጭ ሰው ስም ለማንም መያዣ ሊሆን አይችልም ነበር። መያዣ የሚሆነው ሕዝቡ ቀድሞ የሚያምነው ስም ነው። ጊዮርጊስ ታቦቱ ወደ ዐድዋ የዘመተ፣ በዐራዳ ካቴድራል የታነጸለት፣ በየወሩ በ23 የሚዘከር ነው። ከተማዋም ሰፈሮቿን የምትጠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ የተሰበሰብንበት ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አይደለምን? ቢራው ራሱን እንደ አንድ ሰፈር ሰየመ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፦ የቅዱስ ስም በአልኮል ላይ መለጠፉ ነውር አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን በጥንቃቄ እንይ። የቅዱሳን ስምና ጽዋ በአገራችን የተገናኙት በፋብሪካ አይደለም። የጽዋ ማኅበር አባላት በየወሩ በቅዱሱ ዕለት ተሰብስበው፣ ተረኛው ያዘጋጀውን ዳቦ ቆርሰው፣ የጠመቀውን ጠላ ይጠጣሉ። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ዛሬ የጠጣ ነገ ያጠጣል። ፋብሪካው ይህን የተዘጋጀ ስፍራ አገኘና ገባበት። የለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ተራውን ወደ ዋጋ ለወጠው። በማኅበሩ በስሙ የሚሰጠው ጽዋ በፋብሪካው በስሙ የሚሸጥ ጠርሙስ ሆነ። የነውሩን ጥያቄ የምጠይቅ ብሆን፣ የምጠይቀው ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለዚህ ለውጥ ነው።

በ1950ዎቹ በሰበታ የተመሠረተው ሜታ አቦ ይህንኑ ፈለግ ተከተለ። «አቦ» ሕዝቡ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የሚጠራበት የፍቅርና የአክብሮት ስም ነው። ገድላቸው እህልና ውኃ ሳይቀምሱ እንደኖሩ የሚናገርላቸው ባሕታዊ ስማቸው በቢራ ላይ መዋሉ እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን ጠጪው «አንድ ሜታ» ብሎ ሲያዝ ስለ ገድሉ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ አንድ የታወቀ ቦታና ስለ ውኃው ነው። በዚህ ዓይነት የቅዱሱ ስም ወደ ቦታ ስም፣ የቦታው ስም ወደ ዕቃ ስም ይሸጋገራል።

ከዚያ በኋላ አብዮት መጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የቢራ ፋብሪካዎቹም የመንግሥት ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. በዐራዳ የተመሠረተውና የቅዱሱን ስም የያዘው የእግር ኳስ ክለብ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአገሪቱ ሻምፒዮኖች መዝገብ ላይ የምናገኘው «ቢራ ፋብሪካ» በሚል ስም ነው። የቅዱሱ ስም ከማልያው ሲነሣ የተተካው በሚሠራው ሥራ ስም ነበር። በዚያ ዘመንና በማግሥቱ ሥራ የጀመሩት ፋብሪካዎችም በከተማ ስም ተጠሩ። ሐረር በ1970ዎቹ፣ በደሌ በ1985 ዓ.ም. የሐረሩ ፋብሪካ ከቢራው ጎን ለጎን ሶፊ የተባለ አልኮል አልባ የብቅል መጠጥ ማቅረቡ፣ ጥቁሩን ቢራውንም በአካባቢው ተራራ ስም ሐኪም ማለቱ የከተማዋን ጠባይ ያገናዘበ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለው ነው። በጎንደር ዳሸን፣ ኋላም ዘቢዳር፣ ሁለቱም ተራሮች ናቸው፤ ዋልያ፣ በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው፤ ራያ ሕዝብና ምድር ነው፤ ሐበሻ ደግሞ ሁላችንንም ሊያካትት የሚሻ ስም ነው። እነዚህን ቆርኪዎች በቅደም ተከተል ብንደረድራቸው፣ በጥቅሉ ሲታይ፣ በንጉሡ ዘመን ቅዱሳንን፣ በደርግ ዘመን ከተሞችን፣ በኋለኛው ዘመን ተራራን፣ እንስሳንና ማንነትን እናያለን። መንግሥታቱ ራሳቸውን ያስተዋወቁባቸውን ቃላት ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ሕዝቡ የሚታመንባቸው ቃላት በየዘመኑ የትኞቹ እንደነበሩ ግን እነዚህ ክቦች ይነግሩናል። ሻጭ ገንዘቡን የሚያፈስሰው ሰው ቀድሞ በሚወደው ስም ላይ ነውና።

፬. ምስሉ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ

አሁን ወደ ፍሬ ጉዳዩ እንምጣ። የጊዮርጊስን ቆርኪ ገልብጣችሁ ባለቤቱ ማን እንደነበረ ብትጠይቁት መልሱ በየዘመኑ ይለያያል፤ መጀመሪያ የግል ባለሀብቶች፣ ቀጥሎ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አካል የሆነው ቢጂአይ። ፈረሱ ግን አልወረደም፤ ዘንዶውም ከጦሩ አላመለጠም። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 ሐረርንና በደሌን ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ለቢጂአይ አስተላለፈው። በየወሩ በ5 የሚዘከሩት አቦና በ23 የሚዘከረው ጊዮርጊስ በአንድ ድርጅት የንብረት መዝገብ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የምን ዋጋ ናቸው? የጋኖቹ፣ የመሬቱ፣ የማሽኖቹና የገበያው ዋጋ ናቸው። ነገር ግን የትኛውም የንግድ ሰው እንደሚያውቀው የስሙም ዋጋ ናቸው። ሐረር የሚለውን ስም ለዘመናት የከበደ ያደረገው የግንቡ፣ የገበያውና የሊቃውንቱ ታሪክ ነው። የቅዱሱን ስም ያስከበረው የምእመኑ ስለት ነው። ፋብሪካው ሲቋቋም ይህ ስም ያለ ክፍያ ተወሰደ፤ ፋብሪካው ሲሸጥ በዶላር ታሰበ። ይህን የምለው ሻጩን ወይም ገዢውን ለመክሰስ አይደለም፤ ሽያጮቹ ሕጋዊ ነበሩ። ከተሞቹም ሥራና ግብር አግኝተዋል፤ እንደ ሐበሻ ባሉት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በአነስተኛ አክሲዮን ገብተው ነበር። የምለው የወል የሆነ ስም እንዴት የግል ንብረት እንደሚሆን የሚያሳይ፣ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ቆርኪው እርሱ ነው።

፭. ከሰሌዳው በኋላ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። የሕዝብ ጤናን በሚመለከት የሕጉን አስፈላጊነት የሚጠራጠር ጥቂት ነው፤ ምሽቱን ሁሉ በቢራ ዘፈን ታጅበን ዜና የምናይበት ጊዜ ነበርና። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ሕጉ ሌላም ውጤት አለው። የማስታወቂያው ዓለም ሲጠብ፣ ቢራው ራሱን የሚያሳይበት ገጽ ወደ መነሻው፣ ወደ ጠርሙሱና ወደ ቆርኪው ተመለሰ። ከስርጭት የወጡት ማስታወቂያዎች ያሉበት ቴፕ የሚጠበቀው አንድ ሰው ሊጠብቀው ከወሰነ ብቻ ነው። ቆርኪው ማንም ሳይወስን ይቀራል።

ይቀራል ስል ግን ለዘላለም ማለቴ አይደለም። ይህን ከልደታ በላይ የሚመሰክር ሰፈር የለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እዚህ የተካሄደው መልሶ ማልማት የቆዩ የጭቃ ቤቶችን አንሥቶ ኮንዶሚኒየሞችንና ረጃጅም ሕንፃዎችን ተክሏል። ከቤቶቹ ጋር ጠላ ቤቶች፣ ግሮሰሪዎች፣ በግድግዳ ላይ በእጅ የተሣሉ የቢራ ምስሎች ሄዱ። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከመፍረሱ በፊት የቤቱን ልክ ወስደው ይሆናል፤ በግድግዳው ላይ የነበረውን ፈረሰኛ የነደፈ ግን ጥቂት ነው። አፈሩ ሲቆፈር የወጣው ቆርኪም ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄዷል።

፮. ቆርኪን እንዴት እናንብብ?

ስለዚህ ንግግሬን በአንድ የሥራ ሐሳብ እዘጋለሁ። አንድ ቆርኪ ሲገኝ መጀመሪያ መገልበጥ ነው። ውስጡ የተፈጥሮ ቡሽ ከሆነ ከፕላስቲኩ ዘመን በፊት የነበረ ነው። ቀጥሎ ፊደሉ ይታያል፤ አማርኛ ብቻ ነው፣ ወይስ ሌላ ቋንቋ አለበት? የትኛውስ ይቀድማል? ሦስተኛ፣ ምስሉ ከሌላ ዘመን ቆርኪ ጋር ይነጻጸራል፤ ፈረሱ ወደየት ይመለከታል፣ ቀለሙ ስንት ነው፣ መስመሩ ቀጥኗል ወይስ ወፍሯል? ብዙ ጊዜ የባለቤት ለውጥ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ትንሽ ልዩነት ነው። አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ የት ተገኘ? ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ነው፣ ከመጠጥ ቤት ወለል፣ ወይስ ከልጅ መጫወቻ? የተገኘበት ቦታና ቀን ያልተመዘገበ ቆርኪ ጌጥ ነው፤ የተመዘገበው ግን ሰነድ ነው።

ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም። ፖስታ፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ቆርኪውን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሄዱትን ሁሉ፣ የብረት ትሪውን፣ መክፈቻውን፣ የግድግዳ ሰዓቱንና የቀን መቁጠሪያውን ፎቶ ማንሣት፣ ያስቀመጧቸውንም እናቶችና አባቶች ማነጋገር ይቻላል። በተለይም ለዓመታት ቢራ የከፈቱትን አስተናጋጆች ጠይቁ። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ታሪክ በሪፖርት ይገኛል፤ የእነርሱ ግን ካልተጠየቁ አይገኝም።

በተደፋ ጣሳ ጀምሬ ነበር። የጠላ ቤቷ ባለቤት ጣሳዋን ስታወርድ ስሟ ከሰፈሩ ጋር ይኖራል፤ የሚያስታውሳት ሰው እስካለ ድረስ። ፋብሪካው ግን ሰፈር የለውም፤ የሚያስታውሰው የታተመው ቆርቆሮ ነው። እኛ ደግሞ የሰጠነውን ስም፣ የቅዱሱን፣ የከተማውን፣ የተራራውን ስም፣ ማን በምን ዋጋ እንደተጠቀመበት ማወቅ የምንሻ ከሆነ፣ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ወደ መሬት ዝቅ ብለን መመልከት ይኖርብናል።